ሀብቱ እምቢ ያለበት ቀን

ካህናት አባቶቻችን፣ ከመስጊድ በቀጥታ የመጣችሁ ሼሆቻችን፣ የእድራችን ዳኛ አቶ ሰራዊት፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ የሀብቱ ባለቤት እህቴ ሰገነት። ከኮምቦልቻ ድረስ አገር አቋርጠው የመጡት የሟች ታላቅ ወንድም ጋሽ ምንይችል። እግራችሁ ይባረክ። ፀሐዩ ከባድ ነው፤ ጃንጥላ የያዛችሁ ላልያዘው አጋሩ። ሀብቱ ቢሆን ጃንጥላውን ለሰው ሰጥቶ ራሱ ፀሐይ ላይ ቆሞ ያማርር ነበር።

ለማታውቁኝ፣ ኢልያስ እባላለሁ። ገበያው ጫፍ ላይ ያለው፣ ባጃጆች "ስጡ ፎቅ" የሚሉት ሕንፃ የእኔ ነው። ከሀብቱ ጋር የተዋወቅነው አንደኛ ክፍል ነው። እሱ ከእናት አባቱ ጋር በሰፈራ ከወሎ መጥቶ በርታኛ አይችልም፤ እኔ ደግሞ አማርኛ አልችልም። እሱ አማርኛ አስተማረኝ፣ እኔ በርታኛ አስተማርኩት። ስለዚህ ዛሬ ንግግሬ ላይ ስህተት ካገኛችሁ ጥፋቱ የእኔ አይደለም፤ የአስተማሪዬ ነው። አስተማሪዬ ደግሞ ይኸው ተኝቷል፤ እሱን ጠይቁት።

የሕይወት ታሪኩን አቶ ሰራዊት አንብበውልናል። እግዜር ይስጥልን። ተወለደ፣ ተማረ፣ አገባ፣ ቀለም ቀባ ይላል። ይሄ ልክ ነው። "ታታሪና ሰዓት አክባሪ ነበር" ሲሉ ግን ደነገጥኩ። ሰዓት አክባሪ? ሀብቱ? እናንተ ሰዎች፣ መቃብር ፊት እኮ ነው የቆምነው! ሰኞ እመጣለሁ ብሎት ሰኞ የመጣለት ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ማንም የለም? ይኸው፣ ቄሱም አላወጡም። የቤተልሔሙ በር ሰኞ ይቀባል ተብሎ ስንት ፆም እንደገባና እንደወጣ እሳቸው ያውቃሉ።

እሺ። አሁን ደግሞ የመጣሁበትን ልናገር።

ሁላችሁም ትናንትና ዛሬ የሆነውን ታውቃላችሁ። ጋሽ ምንይችል "ወንድሜ ወሎ ይቀበራል፤ አባታችን ኋላ ተመልሶ ካረፈበት፣ ዘመዶቹ ካሉበት" ብለዋል። ጉድጓዱ ተቆፍሯል፤ አስከሬኑን የምትወስደው መኪናም ከቤተክርስቲያኑ በር ቆማለች። ሽማግሌ ሲመላለስ ዋለ። ሰገነት ጠራችኝና "ኢልያስ፣ ባሌ እዚህ ቢያርፍ እወዳለሁ። ግን ታላቅ ወንድሙን አስከፍቼ አልቀብረውም። የሳቸው ልብ ሳይፈቅድ አንድ እፍኝ አፈር እንዳይገባ" አለችኝ። ጋሽ ምንይችልም ጨዋ ናቸው። "አብሮ አደጉ ይናገር፤ ሰምቼ እወስናለሁ" አሉ። ስለዚህ ጋሼ፣ ይህ ንግግር የርስዎ ነው። ሌላው ሕዝብ ዳር ሆኖ ያዳምጣል።

ወንድምዎን እንዴት እንደምንቀጥረው ያውቃሉ?

ሌላ ቀቢ ስትቀጥሩ መጥቶ ግድግዳውን ያያል፣ ዋጋ ይጠራል፣ ትከራከራላችሁ፣ አለቀ። ሀብቱ ግን ግድግዳውን አያይም። ይቀመጣል። "እንደወትሯችሁ ሁኑ፣ እኔ የለሁም" ይላል። ከዚያ ቤተሰቡን ያያል። አባወራው ራሱን የት ያስደግፋል? እንግዳ የት ይቀመጣል? ልጆች ኳስ የሚያነጥሩት በየትኛው በኩል ነው? ከወገብ በታች ዘይት ቀለሙ እስከየት እንደሚወጣ የሚወስነው በዚህ ነው። ምሳ ሲደርስ ምሳ ይበላል። "ይሄም የቅጥሩ አካል ነው" ይላል። አንዳንድ ቤት ቅጥሩ ሳምንት ይፈጃል። በተለይ ወጡ ከጣፈጠ። የአንዳንዶቻችሁ ቤት እስከዛሬ ያልተቀባው ለምን እንደሆነ አሁን ገባችሁ? ወጣችሁ ጥሩ ነበር።

የእኔ ሕንፃ ድሮ የአባቴ የሰሊጥ መጋዘን ነበር። እኔ ከውስጥ በእንጨት ወለል ከፍዬ፣ ከላይ ቆጥ ሠርቼ፣ ክፍል ክፍል አድርጌ አከራየሁት። ችግሩ ግድግዳው ነው። ስንት ዘመን ሰሊጥ የተደገፈው ግድግዳ ዘይት ጠጥቶ ጠጥቶ ጠግቧል። ቀለም አይዝም። መጀመሪያ ሀብቱን ጠራሁት። ሰኞ እመጣለሁ አለ። ጠበቅሁት። ጠበቅሁት። ሲቸግረኝ በመኪና የመጡ፣ ቀለም በመሣሪያ የሚረጩ ቀቢዎችን ቀጠርኩ።

እነሱስ ፈጣኖች ነበሩ። ግድግዳውን ረጩ። መስኮቱን ረጩ። አምፖሉን ረጩ። የዓዲላን ዶሮ ረጩ። ዓዲላ ያቻት፣ ከልጄ ከነዕማ አጠገብ ቆማ በነጠላዋ ፊቷን የሸፈነችው። ከታች ቅመም የምትሸጠው ተከራዬ ናት፤ አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም። ዶሮዋ ቀይ ነበረች። ዓዲላ "ዶሮዬ ጠፋ! ወላሂ ሌባ ወሰደ!" እያለች ሰፈሩን ስታስስ፣ ዶሮዋ ነጭ ሆና ከኋላ ከኋላዋ ትከተላታለች። "ይቺስ ዓዲላ?" ስንላት፣ "ይሄ የሰው ነው! የኔ ቀይ ነው!" ብላ በመጥረጊያ ታባርራታለች። ምስኪን ዶሮ። ከገዛ ቤቷ ተባረረች።

ብዙም ሳይቆይ ያ ሁሉ ቀለም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተላጠ ወጥ ውስጥ ይገባ ጀመር። ያኔ ሀብቱ መጣ። በሩ ላይ ቆመ። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ሽቅብ አየ፣ ቁልቁል አየ፣ ዶሮዋን አየ። "ሌላ ሰው ቀጠርክ?" አለኝ። ሚስቱን የቀማሁት ነበር የሚመስለው። ከዚያ ግድግዳውን በላርጎ ካላጠብኩ አለ። አረፋው በደረጃው ወርዶ፣ በበሩ ወጥቶ ገበያ ገባ። ቲማቲም ሻጮቹ እንቅባቸውን ተሸክመው ሸሹ። ግድግዳው ታጠበ ወይ? አልታጠበም። ሀብቱ ተሸነፈ ወይ? ከመሸነፍስ ሞት ይሻለዋል! በጋውን ሙሉ በመሮ እየፋቀ፣ እየረገመ፣ በስቱኮ እየደፈነ፣ በብርጭቆ ወረቀት እያሸ፣ ሰሊጥ ከድንጋዩ ውስጥ አወጣ። እስከ ዓመት በዓል ሰሊጥ አስነጠሰው።

ከዚያ ቀለም ምርጫ መጣ። እኔ ባለቤቱ ሁሉም ክሬም ይሁን አልኩ። ሀብቱ እሺ አለ። ዓዲላ መጥታ የእኔ በር ቢጫ ካልሆነ አለች። ሀብቱ እሺ አለ። ቆጡ ላይ የምትኖረው ነርሷ ቀነኒ ሰማያዊ አለች። ሀብቱ እሺ አለ። ሁሉም በተራ መጣ፣ ሁሉንም እሺ አለ። ሰው ማስከፋት አይችልማ! እሺ ያለውን ደግሞ ሁሉንም ፈጸመ። ጉዳዬን ጨርሼ ከባምባሲ ስመለስ ሕንፃዬ ልብስ የተሰጣበት ገመድ መስሎ ጠበቀኝ። ከላይ እስከታች እያንዳንዱ በር፣ እያንዳንዱ የደረጃ ጎን፣ የየራሱ ቀለም። ጮህኩ። "የማን ሕንፃ ነው ይሄ?" አልኩት። "የሚኖሩበት ሰዎች" አለኝና ብሩሹን ማጠቡን ቀጠለ። ሳምንት ሳይሞላ ባጃጆቹ "ስጡ ፎቅ" ብለው ስም አወጡለት። ዛሬ ከዚህ ከተማ በየትኛውም ጫፍ ሆናችሁ "ስጡ ፎቅ" በሉ፤ ይወስዷችኋል።

ጋሽ ምንይችል፣ ሳቁ እንጂ። ቄሱም እየሳቁ ነው፤ እያየኋቸው ነው።

ነዕማ ልጄ፣ ያንቺን ልናገር ነው፤ ተፈቅዷል? ተፈቅዷል።

አሶሳ ክረምት እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ከግንቦት እስከ ጥቅምት ሰማዩ አይዘጋም። እኛ ደግሞ አመላችን ነው፣ ቤት ማስቀባት ትዝ የሚለን በዚያው ክረምት ነው። ክርስቲያኑ ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል፤ እኛ ደግሞ ዒዱ ክረምት ላይ ከዋለ ለዒድ፤ ሠርግ ያለበት ለሠርግ። ቀለሙ አይደርቅም፤ እንግዳ ይመጣል፤ እንግዳ ይደገፋል። ስለዚህ በክረምት አሶሳ ውስጥ ማን ማን ቤት እንደዋለ ማወቅ የፈለገ የሰው ጀርባ ይይ። አፉ ገበያ ነበርኩ ቢልም ጀርባው እውነቱን ይናገራል። በዚህ የተነሣ የታረቀም አለ፣ የተጣላም አለ። አንዳንዶቻችሁ አንገታችሁን አትድፉ፤ ስም አልጠራም።

በነሐሴ አንድ ጁምዓ ከሆሞሻ ሽማግሌዎች እንደሚመጡ ተላከብኝ። ለነዕማ ነው። የእኛን ወግ ታውቃላችሁ፤ አባት መልስ እስኪሰጥ ድረስ ነገሩ አይሰማም። ምናልባት እምቢ ቢል ልጁም ልጅቱም ሰው አፍ ውስጥ እንዳይገቡ ነው። ሚስቴ ሳሎኑ ካልተቀባ አለች። ሀብቱ እሺ አለ። ሐሙስ ቀባው። አረንጓዴ ነው፤ ራሱ የበጠበጠው፣ ከእኔ ቤት በቀር ከተማው ውስጥ የሌለ አረንጓዴ። "ይደርቃል?" አልኩት። "እኔ የቀባሁት? ነገ ጠዋት ደርቆ አጥንት ሆኖ ታገኘዋለህ!" አለኝ።

ሽማግሌዎቹ መጡ። ነጭ ጀለቢያ ለብሰዋል፤ ከበረዶ የነጣ። ተቀመጡ። የተከበረ ሽማግሌ ደግሞ ነገር ሲጀምር መጀመሪያ ምን ያደርጋል? ይደገፋል። ተደገፉ። ብዙ ተነጋገርን፤ ላስብበት አልኩ። ሊሄዱ ሲነሡ ጨርቁ ከግድግዳው ሲላቀቅ ሰማሁት። ጠጥ፣ ጠጥ፣ ጠጥ። ዞረው በበሩ ሲወጡ ጀርባቸው ሁሉ አረንጓዴ! የሚሄዱት የት ነው? መስጊድ! ለጁምዓ ሰላት፤ ሰልፍ ለሚሰለፍበት፣ የኋላው የፊተኛውን ጀርባ ለሚያይበት! በአንዲት ሰላት ከተማው በሙሉ "ለኢልያስ ልጅ ሽማግሌ ተልኳል" ሊል ነው። ሚስቴ ራሷን ያዘች። ነዕማ አልጋ ሥር ገባች። አዎ ገብተሻል።

በዚህ መሐል ሀብቱ መጣ። ሥራውን ሊያደንቅ ነው የመጣው። ሽማግሌዎቹን ከኋላ ሲያይ ቀለሙ ከፊቱ ጠፋ። "እነዚህን ሰዎች ውሃ ስጧቸው፤ ጥቂት አቆዩልኝ" አለ። ከዚያ ምን አደረገ መሰላችሁ? ከሠርጉ ጀምሮ ለክት የሚያስቀምጠውን ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ነበር። ሄዶ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። በጀርባው። በደረቱ። በክንዱ። ከዚያ ገበያ ወጣ። ያገኘውን ሁሉ እያቀፈ ሰላም ይላል። ዓይቶት የማያውቀውን ሰው ያቅፋል። ባጃጅ አስቁሞ ሹፌሩን ያቅፋል። ከሱዳን ድንበር የመጣ ነጋዴ ጀርባ ላይ ተጠምጥሞ "ናፍቀኸኛል!" ይላል። ሰውየው "ማነህ አንተ?" ይለዋል። ሰላቱ ሳይደርስ ግማሽ ገበያ አረንጓዴ ሆነ። የኛ ሽማግሌዎች መስጊድ ሲገቡ በሰልፉ ነጭ የቀረ ጀርባ ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነበር። ከሰላት በኋላ ሰው ሁሉ ያማው ሀብቱን ነው። "ቀቢው አብዷል" ተባለ። እሱም "እውነታችሁን ነው" እያለ ከተማውን ዞረ። ስለነዕማ አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። እኔም በጊዜዬ መልስ ሰጠሁ፤ ይኸው ልጆቿን ይዛ ቆማለች። ያን ሸሚዝ ሰገነት ስንት ጊዜ አጠበችው? እስከዛሬ አልለቀቀም አይደል? አይለቅም። እሱ የቀባው ነዋ! ግድግዳ ላይ የማይደርቅ፣ ሸሚዝ ላይ የማይለቅ!

አሁን ወደርስዎ ልመለስ ጋሼ።

ሕይወቱን በሙሉ እሺ ሲል የኖረ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ እምቢ አለ። እምቢ ያለው ለርስዎ ነው። እኔ አውቃለሁ። ርስዎም ያውቃሉ። እስከዛሬ ልብዎን የሚያመው እሱ እንደሆነም አውቃለሁ።

ርስዎ ክፋት አላሰቡም። "ና፣ እዚህ ሕንፃ እንደ እንጉዳይ ይበቅላል፣ ቀቢ ይፈለጋል፤ የአባትህ አገር ነው" ብለው ጠሩት። ሀብቱ እሺ አለ። ብሩሹን ጠቅልሎ ሄደ። እኛም አልቅሰን ሸኘነው። ዓዲላም ቅመም ቋጥራ ሰጠችው። ከዚያ አንድ ከሰዓት፣ ዝናብ እየጣለ፣ ከአውቶቡስ ሲወርድ አየሁት። ሰላም አላለኝም። ሰገነትንም ገና አላገኛትም። በቀጥታ ስጡ ፎቅ ገባና የዓዲላ በር ፊት ቆመ። እሱ ከሄደ በኋላ በሩ ተፍቆ ሌላ ሰው ቀብቶት ነበር። "ማነው የቀባው?" ብሎ ጮኸ። ዓዲላ ወጣች። "አንተ ሰነፍ ናት! ትቶ ሄደች! ሌላ ሰው ቀባ፣ እኔ ምን አጠፋ?" ብላ እሷም ጮኸችበት። የእናቱን ጡት ሳይቀር ጠርታ ሰደበችው። እሱ ግን ሲሰደብ ፊቱ እየበራ፣ እየበራ ሄደ። እዚያው ተንበርክኮ በሩን መፋቅ ጀመረ።

በኋላ ደረጃው ላይ ተቀምጠን "ምን ነክቶህ ነው የተመለስከው?" አልኩት። እንዲህ አለኝ፤ ቃሉን አልለውጥም። "ኢልያስ፣ ወንድሜ እንደ ንጉሥ ነው የያዘኝ። ሚስቱ የበላሁበትን ሳህን እንኳ አታስነሣኝም። ውሃ ልቅዳ ስል 'ኧረ በሞቴ ተቀመጥ' ይሉኛል። ሥራ ላይም የሚቀጥረኝ ሰው 'አቶ ሀብቱ' ብሎ ያከብረኛል። አንድም ሰው አይጮህብኝም። የአባቴ አገር ነው፤ እኔ ግን እንግዳ ነኝ። እዚህ ዓዲላ ትሰድበኛለች፣ ቄሱ ያኮርፉኛል፣ አንተ ትነዘንዘኛለህ። ሰው የሚሰደበው ቤቱ ሲሆን ነው።"

በማግስቱ ርስዎ ደወሉ። አጠገቡ ነበርኩ። "ምን አጎደልኩብህ? ተመለስ" አሉት። እሱም "እምቢ" አለ። ስልኩን ዘጋና እንደ ልጅ አለቀሰ። ከዚያ ወዲህ በበዓል እንኳን አደረሰህ ከመባባል በቀር እንዳልተነጋገራችሁ አውቃለሁ። ሄጄ እግሩ ላይ ወድቄ ይቅር አስብለዋለሁ ይል ነበር። መቼ? ስለው፣ "ሰኞ" ይለኛል። ጋሼ፣ እርም ይሁንብኝ፣ ሰኞ ማለት ልቡ ሳያስብ ቀርቶ አይደለም። እንደዚህ ነው ሰውየው! የራሱን ሳሎን እንኳ ሰገነትን ሰኞ ሰኞ እያላት ሳይቀባላት ነው የሞተው። መሰላል ላይ ዕድሜውን ፈጅቶ አንድ ቀን ሳይወድቅ፣ ሥራ ጨርሶ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ውሃ ስጡኝ ብሎ፣ ውሃው ሳይደርስለት ልቡ ቆመ። ሰኞም ሳይደርስለት።

ስለዚህ እኔ እነግርዎታለሁ። ርስዎን አልናቀም። አባቱንም አልረሳም። ይወድዎት ነበር። ቤቱ እዚህ ስለሆነ ብቻ ነው እምቢ ያለው።

መኪናዋ ያቻት። ወንድምዎ ነው፤ ልውሰደው ካሉ ማንም አይከለክልዎትም። ሼሆቹም ቄሶቹም እስከ ከተማው ዳር አብረን እንሸኘዋለን። ግን ጋሼ፣ ከወሰዱት እኔ ቀለሙ ሲላጥ ማን ላይ ልጩህ? ዓዲላ ማንን ትስደብ? እዚህ ቢሆን፣ ክረምት በመጣ ቁጥር እመጣና "አንተ ውሸታም፣ ይደርቃል አላልክም ወይ?" እለዋለሁ። ርስዎም በመጡ ጊዜ ክብር አናበዛብዎትም። አንድ ቀን እንግዳ ይሆናሉ፤ በሁለተኛው ቀን የበሉበትን ሳህን ራስዎ ያጥባሉ።

ጨርሻለሁ። የርስዎ ነው።

...

ምን አሉ ጋሼ? እባካችሁ ዝም በሉ፣ ሰዎች፤ አልሰማሁም።

"አካፋውን ስጡኝ" ነው ያሉት። ስጧቸው! ኮታቸውን ይቀበሏቸው፣ አቶ ሰራዊት። ሰገነት፣ ነይ እህቴ፣ ቅረቢ። አባቶች፣ ጸሎቱን ቀጥሉልን።

ሀብቱ። ጓደኛዬ። የምትፈራው ሰው መጥቷል። እንባው አካፋው ላይ ይወርዳል፣ ግን አልተቆጣብህም። ከራስህ በኩል ቆሞ ስምህን እየጠራ ነው፤ በልጅነት ስምህ፣ እኛ በማናውቀው። እኔ በቋንቋዬ ዱዓ አድርጌልሃለሁ፤ እነሱም በቋንቋቸው ፍትሐት አድርገውልሃል። ጌታ ይማርህ። ልጆችህ የእኔም ናቸው፤ ሰገነት ቤቷ አይጨልምም።

ደህና ሁን ወንድሜ። ተኛ፤ አገርህ ነው።